በየመስመሩ ፊት የቆመው ቃል

«እንደ ጻፍሽው ነው ያነበብኩት። አንድ ፊደል አልጨመርኩም» አሉ ወይዘሮ ገነቴ በስልክ።

«አልቀነሱምም?» አለች አቢጋኤል። ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ግን ደነገጠች። የእናቷ እኩያ የሆኑ፣ ያውም ሃያ ዓመት ሂሳብ ያስተማሩ ሰው እንዲህ ተብለው ይጠየቃሉ?

ወይዘሮ ገነቴ ግን ሳቁ። «መቀነስማ ሥራዬ ነው ልጄ! በወረቀትሽ ላይ ግን አልቀነስኩም።»

«ታዲያ ማሽኖቹ ምን ይላሉ?»

«አሥራ ሁለቱም ተማክረው እንዳደሩ ሰዎች አንድ ነገር ነው የሚሉት። ፈቃድ የለህም ይላሉ። ማን ነው የሚከለክለኝ? ዳይሬክተሩ እንኳ ፈቅደው!»

«በየመስመሩ ፊት ያለው ቃል፣ ሱዶ፣ አለ አይደል?»

ስልኩ ትንሽ ዝም አለ።

«ከፊት ያለውማ አለ። ይኸው ወረቀቱ ላይ እያየሁት ነው» አሉ።

አቢጋኤል ይህን «ማሽኑም ላይ ተጽፏል» ማለታቸው ነው ብላ ወሰደችው። ወይዘሮ ገነቴ ደግሞ ልጅቷ ወረቀቱ እንዳይቀደድ ወይም እንዳይደበዝዝ ፈርታ የጠየቀች መሰላቸው። ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነበር፤ ሁለቱም ስልኩን የዘጉት ጥፋቱን በኮምፒውተሩ ላይ ጥለው ነው።

ከመዝጋታቸው በፊት ወይዘሮ ገነቴ፣ «ቆይ፣ ካርዴ ሊያልቅ ነው። የኢክራም አባት ዕቃ መሸጫ ሄጄ ልሙላና መልሼ እደውላለሁ» ብለው ነበር። አቢጋኤል «ዕቃ መሸጫ» የሚለው ነገር ጆሮዋን ቆንጠጥ አደረጋት። ሱቅ ማለት እያለ! የዱራሜ ሰው አነጋገር ይሆናል ብላ ተወችው።

አቢጋኤል ሆሳዕና ባለ አንድ ኮሌጅ ውስጥ የኮምፒውተር ክፍል ረዳት ናት። ዕድሜዋ ሃያ አራት ነው። ሰው ፊት ቆማ ከምትናገር ይልቅ መጻፍ ይቀላታል። የመመረቂያ ሥራዋን ስታቀርብ የፕሮጀክተሩ ማራገቢያ ከሷ የበለጠ ይሰማ ነበር እያሉ ጓደኞቿ እስከ ዛሬ ያሾፉባታል። ብዕር ስትይዝ ግን ሌላ ሰው ናት። የጻፈችውን መመሪያ ያነበበ ሁሉ፣ «አጠገቤ ተቀምጣ ያሳየችኝ ያህል ነው» ይላል።

ያን የመሰለ መመሪያ ነበር ለዱራሜ የላከችው። ነገሩ የተጀመረው ኮሌጁ እዚያ ላለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሥራ ሦስት ያረጁ ኮምፒውተሮች ሲሰጥ ነው። ኮምፒውተሮቹ ከማርጀታቸው የተነሣ አብርቶ ምሳ በልቶ መመለስ ይቻል ነበር። አቢጋኤል ሁለት ቀን ሙሉ ተቀምጣ በሁሉም ላይ ሊኑክስ ጫነችባቸው። ሊኑክስ ማንም ሰው በነፃ የሚወስደው፣ ውስጡን ከፍቶ የሚያየውና እንደሚመቸው አድርጎ የሚያስተካክለው የኮምፒውተር ሥርዓት ነው፤ ያረጀ ማሽን አይንቅም። አሥራ ሁለቱ ኮምፒውተሮች በአንድ ክፍል ተደረደሩ። አሥራ ሦስተኛው ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብቶ ደብዳቤ መጻፊያ ሆነ።

ከዚያ የቀረው ተማሪዎቹ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚሠሩባቸውን መሣሪያዎች መጫን ነበር። ቋንቋው ራሱ ከሊኑክስ ጋር አብሮ ይመጣል። መሣሪያዎቹ ግን፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሚጻፍበት፣ የሚሮጥበትና ስህተቱ የሚፈለግበት፣ ለየብቻ ይጫናሉ። አቢጋኤል እነዚያን በፍላሽ አድርጋ ከሁለት ገጽ መመሪያ ጋር ለወይዘሮ ገነቴ ትታ ተመለሰች። እንዲህ ያደረገችው ሰንፋ አይደለም። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር አቶ ታዴዎስ አንድ ቃል ተናግረው ስለነበር ነው።

«ከሆሳዕና ባለሙያ እየጠራን አንዘልቅም» ብለው ነበር። «ሐሙስ ከዞን የሚመጣ ቡድን አለ። መምህር ገነቴ በቡድኑ ፊት መሣሪያውን ራሳቸው ጭነው፣ ተማሪ ፕሮግራም ጽፎ ካሳየ፣ ክፍሉ የኮምፒውተር ክፍል ሆኖ ይቀጥላል። ካልሆነ ዘጠነኛ ሐ በዛፍ ሥር እየተማረ ነውና ክፍሉን ለነሱ እሰጣለሁ። ኮምፒውተሩም ወደ ዕቃ ቤት ይገባል።»

ዕቃ ቤት የገባ ኮምፒውተር ደግሞ እንደማይወጣ ሁሉም ያውቃል። ወይዘሮ ገነቴ ይህን ክፍል ለማግኘት ሦስት ዓመት ደብዳቤ ጽፈዋል።

ያ ስልክ የተደወለው ማክሰኞ ነው። አቢጋኤል መመሪያዋን አውጥታ አሥር ጊዜ አነበበችው። አንድም ስህተት አጣችበት። በራሷ ማሽን ላይ መስመር በመስመር ሞከረችው፤ ይሠራል። ረቡዕ ጠዋት የክፍሉን ኃላፊ አስፈቅዳ መናኸሪያ ሄደች፤ በአንጋጫ በኩል የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገብታ ዱራሜ ወረደች።

ወይዘሮ ገነቴ በሩ ላይ ቆመው ጠበቋት። አጠር ያሉ፣ ፈጣን፣ የእጅጌያቸው ጫፍ ሁልጊዜ ጠመኔ የነካው ሴት ናቸው። አገላብጠው ሳሟት።

«ጌታ ይባርክሽ፣ መጣሽልኝ! ግን እንዳትነኪብኝ። አንቺ ከነካሽው ነገ ማን ሊነካው ነው? ቁጭ በይና እኔን እዪኝ። የተሳሳትኩበትን ብቻ ንገሪኝ።»

አቢጋኤል ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አሥራ ሁለት ተማሪዎች ጥቁሩን መስኮት፣ ተርሚናል የሚሉትን፣ ከፍተው ጣታቸውን ኪቦርድ ላይ አሳርፈው ይጠብቃሉ። የመመሪያው ቅጂ አንድ ብቻ ነው፤ ማባዣው ቀለም ከጨረሰ ሰንብቷል። ስለዚህ መምህርቷ በወረቀቱ እየተመሩ ጮክ ብለው ይናገራሉ፣ ተማሪዎቹ እየሰሙ ይጽፋሉ። ሂሳብ ሲያስተምሩም እንዲሁ ናቸው፤ ሲላስ የሚባለው ተማሪ «የሳቸው ትምህርት ሬዲዮ ነው» ይላል።

«መስመር አንድ!» አሉ ወይዘሮ ገነቴ። «አፕት፣ ክፍተት፣ ኢንስቶል፣ ክፍተት...»

አቢጋኤል ቀና አለች። አፕት «ይህን ጫን» የሚል ትእዛዝ ነው፤ መስመሩ የሚጀምረው ግን በሱዶ ነው። ሱዶ ማለት ለማሽኑ «ይህን የማዝህ የቤቱ ባለቤት ሆኜ ነው» እንደ ማለት ነው። ያለሱ ሊኑክስ ማንንም አዲስ ነገር አያስገባም። መምህርቷ ወረቀቱን በእጃቸው ይዘዋል። ዓይናቸው መስመሩ መጀመሪያ ላይ አርፏል። አፋቸው ግን ሁለተኛው ቃል ላይ ጀመረ።

ምናልባት ሳያዩት ቀርተው ይሆናል ብላ ጠበቀች።

«መስመር ሁለት! አፕት፣ ክፍተት...»

አሁንም ዘለሉት።

«ቲቸር፣ ፈቃድ የለህም አለኝ» አለ ሲላስ።

«እኔንም» አለች ኢክራም።

«እናንተ ልጆች፣ ኮምፒውተሩ እንኳ ፀባያችሁን አውቆ ከለከላችሁ» አሉ ወይዘሮ ገነቴ፤ ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው ግን የሳቁት በአፋቸው ብቻ ነበር። ወደ አቢጋኤል ዘወር ብለው፣ «አየሽ አይደል? ምኑ ጋ ነው የተሳሳትኩት?» አሉ።

አቢጋኤል መልሱን ታውቀዋለች። በሰላሳ ተማሪ ፊት ቢሆን ኖሮ እንዳትናገር ዓይናፋርነቷ ይይዛት ነበር፤ አሁን ግን የያዛት ሌላ ነገር ነው። እኚህ ሰው ኮማ የማይዘልሉ ሰው ናቸው። የተማሪ ደብተር ላይ የእኩል ምልክት ዘንበል ካለች ያቃናሉ። አንድን ቃል በየመስመሩ የሚዘልሉት ስላላዩት ሊሆን አይችልም።

«ከምሳ በኋላ... እስኪ ከምሳ በኋላ ልየው» አለች።

በሩ ላይ ቆመው ያዩ የነበሩት አቶ ታዴዎስ፣ «መምህር ገነቴ፣ ኮምፒውተር ሂሳብ አይወድም መሰለኝ» ብለው ሄዱ።

ወይዘሮ ገነቴ ለምሳ ወደ ቤታቸው ወሰዷት። ቤቱ ከትምህርት ቤቱ አሥር ደቂቃ ቢያስኬድ ነው፤ በእንሰት የታጠረ ግቢ አለው። በረንዳው ላይ ነጭ ሪዛቸው ያማረ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተኝተው ተቀምጠዋል። የወይዘሮ ገነቴ ባል አባት ናቸው። ወይዘሮ ገነቴ ሲያልፉ ዓይናቸውን ዝቅ አድርገው፣ ድምፃቸውንም ቀንሰው ሰላም አሏቸውና ወደ ውስጥ ገቡ። ያቺ በክፍል ውስጥ እንደ ሬዲዮ የምትጮህ ሴት የት ሄደች?

«ኮምፒውተሩን የምታስተምሪያት ልጅ አንቺ ነሽ?» አሉ ሽማግሌው አቢጋኤልን።

«እኔ ሳልሆን እሳቸው ናቸው የሚያስተምሩት፣ አባ።»

«በርቺ። ይቺን ልጅ ዩኒቨርሲቲ የላክኋት እኔ ነኝ። ልጄን ስታገባ አሥራ ሁለተኛን ገና መጨረሷ ነበር። ያኔ ሰው ሁሉ፣ ምራት ቤት ትጠብቃለች እንጂ ትምህርት ቤት ትሄዳለች ወይ አለኝ። ሻንጣዋን በራሴ ትከሻ ተሸክሜ አውቶቡስ ላይ ጫንኩላት። አራት ዓመት ጠበቅኋት። የተመለሰች ቀን እኔ ነኝ መጀመሪያ የሳቅሁት።»

ይህን እያሉ አንድ ጎረቤት በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «አባ ሱጋሞ! እንዴት ዋሉ?» አለ።

አቢጋኤል የያዘችውን ውሃ አስቀመጠች።

ሱጋሞ።

ጃጁራ ያለችው የአባቷ እህት ትዝ አለቻት። አቢጋኤል ልጅ እያለች ይህቺ አክስቷ የምትናገረው ነገር ያስቃት ነበር፤ አንዳንድ ነገር በስሙ ጠርታ አታውቅም። ጨው ለማለት «ያ የሚያጣፍጠው»፣ ጨረቃን «የማታዋ» ትል ነበር። ባገባችበት ቤት የባሏ አባት ስም በ«ጨ» ስለሚጀምር ነው። ጥንት በሃዲያም በከምባታም ያገባች ሴት የባሏን ወላጆች ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ ሳይሆን በስሙ የመጀመሪያ ፊደል የሚጀምረውን ቃል ሁሉ ትተወውና ሌላ ቃል ትፈልግለታለች። ከምባታዎች ባሊሻ ይሉታል። ማክበር ነው። አሁን አብዛኛው ወጣት ረስቶታል፤ የአቢጋኤል እናት እንኳ አታደርገውም።

ሱቅ ዕቃ መሸጫ የሆነው ለካ ለዚህ ነው! ምሳው ሲቀርብም አቢጋኤል ጆሮዋን አቁማ አዳመጠች። ወይዘሮ ገነቴ ልጃቸውን «ያንን የእግር ልብስህን ቀይር፣ ጭቃ ነክቶታል» አሉት። ሱሪ አላሉም። ቆጮውና ጎመኑ ይጣፍጣል፤ አቢጋኤል ግን እያኘከች የምታስበው ሌላ ነው። በየመስመሩ ፊት የሽማግሌውን ስም መነሻ፣ ያንን «ሱ»፣ አቁማ፣ «ጮክ ብለው ያንብቡልኝ» ብላቸዋለች። እሳቸውም ያን ቃል፣ በየመስመሩ ራስ ላይ ስለሚደጋገም፣ ለጌጥ የገባ ነገር መስሏቸው ዘለሉት። ማክሰኞ በስልክ በድንገት ስትጠይቃቸው ያ ዝምታ ምን እንደነበር አሁን ገባት።

ልትነግራቸው ትችላለች። አለዚያም ቃሉን ሰሌዳ ላይ ጽፎ በጠመኔ ማመልከት፣ ወይም ኢክራም እንድታነብ ማድረግ ይቻላል። ግን ነገ ቡድኑ «ይህ ቃል ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ኢክራምን አይደለም፤ መምህርቷን ነው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የተማረች ሴት አንድ ቃል መናገር አቅቷት ስትንተባተብ ታያት። ያኔ ወይ ክፍሉ ይሄዳል፣ ወይ ሃያ አራት ዓመት የተጠበቀ ነገር ይፈርሳል። ደግሞስ እንዲህ ያለውን ነገር አንዲት ልጅ እግር ለትልቅ ሰው «ደረስኩብዎት» ብላ ትናገራለች? አትናገርም። ቢያንስ አቢጋኤል አትናገርም።

«ቀድሜ ልሂድና ማሽኖቹን ላብራ?» አለች።

«እንዳትነኪብኝ ብያለሁ!»

«መሣሪያውን አልጭንም። በሞቴ። አንዲት መስመር ብቻ ናት የምጨምረው።»

ክፍሉ ባዶ ነበር። አቢጋኤል ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው እየዞረች በየአንዳንዱ የቅንብር ፋይል መጨረሻ ላይ አንዲት አጭር መስመር ጻፈች። ሊኑክስ ለማንኛውም ትእዛዝ ሌላ ስም እንድትሰጠው ይፈቅድልሃል። የሰጠኸውን ስም ስትጽፍ የዋናውን ሥራ ይሠራል፤ ዋናውም ባለበት ይቀጥላል። አቢጋኤል ለሱዶ የሰጠችው ስም «ፈቃድ» ነው፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ፌ፣ ካ፣ ድ። አሥራ ሁለቱን ስትጨርስ መመሪያውን በእጅዋ እንደ አዲስ ገለበጠች። ሱዶ የነበረበት ቦታ ሁሉ ፈቃድ ሆነ። አሮጌውን ወረቀት አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው።

ከሰዓት ተማሪዎቹ ገቡ። አቢጋኤል አዲሱን ወረቀት ለመምህርቷ ሰጥታ ኋላ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። መስኮቱን ታይ ጀመር፤ ልቧ ግን መስኮቱ ጋ አልነበረም።

«መስመር አንድ!» አሉ ወይዘሮ ገነቴ። አፋቸውን ከፈቱና ቆሙ። ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አቀረቡ። ገለበጡት፤ ሁለተኛውን ገጽ ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ኋላ፣ ወደ አቢጋኤል ተመለከቱ። አቢጋኤል ጫማዋን ታያለች።

«ፈቃድ» አሉ ወይዘሮ ገነቴ በለሆሳስ። ቀጥለው በዚያ በሬዲዮ ድምፃቸው ደገሙት። «ፈቃድ! ክፍተት! አፕት! ክፍተት! ኢንስቶል!»

አሥራ ሁለት ኪቦርድ ተንጫጫ።

«ቲቸር፣ ፓስዎርድ ይጠይቃል!»

«አስገባ!»

«እየጻፍኩ ነው፣ ግን ምንም አይታይም። ኪቦርዱ ሞተ!» አለ ሲላስ።

«አልሞተም» አለች አቢጋኤል ከኋላ፤ ሁሉም ዘወር ሲል ፊቷ ቀላ። «ፓስዎርድ ሲጻፍ አይታይም። ጎረቤት እንዳያነበው ነው። ዝም ብለህ ጻፍና ኢንተር በል።»

ሲላስ ኢንተር አለ። ጥቁሩ መስኮት ላይ ነጫጭ መስመሮች ከታች ወደ ላይ መሮጥ ጀመሩ። ቀጥሎ የኢክራም፤ ቀጥሎ የሁሉም። ተማሪዎቹ በእግር ኳስ ሜዳ እንዳሉ ጮሁ።

ተማሪዎቹ ሲወጡ ወይዘሮ ገነቴ በሩን ገርበብ አደረጉና መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ጃጁራ አክስት አለችኝ።»

ወይዘሮ ገነቴ ሳቅ አሉ። «እኔ እኮ በየመስመሩ ፊት ሲደጋገም፣ ተራ ቁጥር ነገር ይሆናል ብዬ ነው። ትናንት ስትጠይቂኝ ግን ጠረጠርኩ። ጠረጠርኩና ደግሞ አፌን ያዝኩ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ይህን ባትጠብቂም ኃጢአት የለብሽም ብለውኛል። አውቃለሁ። ማንም አላስገደደኝም። ያን ሻንጣ በትከሻቸው ሲሸከሙ ግን ያየሁት እኔ ነኝ። በምን እከፍላቸዋለሁ? በዚህ ነው።»

ወይዘሮ ገነቴ ወደ ማሽኖቹ ዞር አሉ።

«እና ይኼ ሊኑክስ ያልሽው፣ ለማንኛውም ነገር ሌላ ስም ቢሰጡት አይቆጣም?»

«አይቆጣም። እንዲያውም የተሠራው እንደዚያ ነው።»

«እኔኮ ከፈረንጅ የመጣ መስሎኝ ነበር!» አሉ ወይዘሮ ገነቴ ጉልበታቸውን መታ አድርገው። «የከምባታ ሴት የሠራችው ነው እንጂ! ስሙን ሳይጠሩ ሥራውን ማሠራት የማን ሙያ ሆነና?»

ከዚያ ግን አሰብ አደረጉ። የሂሳብ ሰው ናቸውና የሌለውን ቁጥር ይፈልጋሉ። «ነገ ያልተዘጋጀ ማሽን ቢያመጡብኝስ?»

አቢጋኤል መስመሯን በወረቀት ቁራጭ ላይ ጻፈችላቸው። በመስመሯ ውስጥ ያ ቃል አንድ ጊዜ ነበረበት። ሌላ ስም ለመስጠት ዋናውን አንድ ጊዜ መጻፍ ግድ ነው። ወይዘሮ ገነቴ ቁራጯን ለረጅም ጊዜ አዩአት።

«ጣት አፍ አይደለም» አሉ በመጨረሻ፤ ቁራጯን አጣጥፈው መነጽር ቤታቸው ውስጥ ከተቱት።

ያን ቀን አቢጋኤል እዚያው አደረች። ሐሙስ በሦስት ሰዓት ቡድኑ መጣ፤ ሦስት ሰዎች ናቸው። መሪው ረጅም፣ ሹራብ የደረቡ፣ ጥያቄ የሚወዱ ሰው ነበሩ። አቢጋኤል እንድትቀመጥ የተፈቀደላት አንድም ቃል ላትናገር ነው። ዝም ማለት ደግሞ ለሷ ከባድ ሥራ አይደለም።

ቡድኑ አሥራ ሁለቱን ማሽኖች ዞሮ አየ። መሪው ግን እጃቸውን ኋላ አጣምረው፣ «እነዚህ የተዘጋጁ ናቸው» አሉ። «ያልተነካ ማሽን የለም?»

«ቢሮዬ ያለው አለ» አሉ አቶ ታዴዎስ፤ የተናገሩት ወዲያው የቆጫቸው መሰሉ። ምክንያቱም ትናንት ከሰዓት ጀምሮ ሳይናገሩት ለክፍሉ ማድላት ጀምረው ነበር።

አሥራ ሦስተኛውን ኮምፒውተር ተሸክመው መጡ፤ ገና የቢሮው አቧራ አለበት። ወይዘሮ ገነቴ ፊቱ ተቀመጡ፤ መነጽራቸውን አደረጉ። ጥቁሩን መስኮት ከፈቱ። ከዚያ ያለ አንዳች ድምፅ፣ ፊደል በፊደል፣ አንድ መስመር ጻፉ። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የቁልፎቹ ድምፅ ብቻ ነበር።

አቢጋኤል አንገቷን ሰገግ አደረገች። በመስመሩ መጨረሻ ላይ ያለውን የጥቅስ ምልክት ረስተውት ይሆን? አልረሱትም። እኩል ምልክት የምታቃና ሴት ምልክት አትረሳም።

«ሌላውን ሁሉ ጮክ ብለው ነው የሚያስተምሩት ብለውኝ ነበር። ይህን ለምን ዝም አሉት?» አሉ መሪው።

«ከማሽኑ ጋር ስም እየተዋወቅን ነው» አሉ ወይዘሮ ገነቴ። «እንግዳ ሲተዋወቅ አይጮኽም።»

ከዚያ ወንበራቸውን ወደ ተማሪዎቹ አዙረው ድምፃቸውን ለቀቁት። «ፈቃድ! ክፍተት! አፕት!» እያሉ እየተናገሩ ጻፉ። ነጫጮቹ መስመሮች ሮጡ። በአራት ደቂቃ ውስጥ መሣሪያው ተጫነ፣ የመጻፊያው መስኮት ተከፈተ።

«ፈቃድ የሚለው ምንድን ነው?» አሉ መሪው።

«የቤቱን ባለቤት ማስፈቀድ ነው። ሳይፈቅድ ምንም ነገር ወደ ቤቱ አናስገባም።»

መሪው ማስታወሻቸው ላይ የሆነ ነገር ጻፉ። ቀጥሎ ኢክራም ፕሮግራሟን አሳየች። ፕሮግራሙ የሐምበሪቾን ተራራ ሰባት መቶ ሰባ ሰባት ደረጃ ስንት ጊዜ እንደወጣህ ይጠይቅህና በጠቅላላው የረገጥከውን ደረጃ ብዛት ይነግርሃል። አቶ ታዴዎስ ሁለት ብለው አስገቡ፤ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሃምሳ አራት አላቸው። ደረታቸውን ነፋ አደረጉ።

መሪው ኪቦርዱን ወደ ራሳቸው ስበው ዜሮ አስገቡ። ማሽኑ፣ «ተራራው እየጠበቀዎት ነው፤ ይነሡ!» አላቸው።

ኢክራም እጇን አፏ ላይ ጫነች። መሪው ወደ ሆዳቸው ተመለከቱ፣ ወደ ማሽኑ ተመለከቱ፣ ከዚያ ሹራባቸው እስኪርገፈገፍ ሳቁ።

«እውነቱን ነው» አሉ። «አንቱ ማለቱ ደግሞ ደስ ይላል። የማን ተማሪ ነሽ?»

«የቲቸር ገነቴ» አለች ኢክራም።

ቡድኑ ሲወጣ አቢጋኤል ቦርሳዋን ይዛ ወደ በሩ ሄደች። ከአጥሩ ውጭ አንድ ዛፍ ሥር አባ ሱጋሞ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመው አገኘቻቸው። ከቤት እስከዚያ በእግራቸው መጥተዋል።

«አለፈች?» አሏት።

«አልፈዋል፣ አባ። ሁሉም ማሽን ታዘዘላቸው።»

«እኔ አውቅ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ይቺ ልጅ አንድ ነገር ይዛ አትለቅም።» ዱላቸውን መሬት ላይ ሁለቴ አንኳኩ። አሥራ ሁለት ኮምፒውተር በሳቸው ስም ቆሞ እንደነበረ ማንም አልነገራቸውም፤ አቢጋኤልም አልነገረቻቸውም።

አቶ ታዴዎስ ለዘጠነኛ ሐ የድሮውን የስፖርት ዕቃ ክፍል አስጠርገው ሰጧቸው፤ ኮምፒውተሮቹም በነበሩበት ቀሩ። ሰኞ ጠዋት ሆሳዕና የአቢጋኤል ስልክ ጮኸ። የዶዮገና አንዲት መምህርት ነበሩ። መመሪያው ከወይዘሮ ገነቴ እንደደረሳቸው፣ የባላቸው እናት ስም ግን በ«ተ» እንደሚጀምርና «ተርሚናል» የሚለው ስምንት ቦታ ላይ እንዳለ ነገሯት። አቢጋኤል ስምንቱንም «ጥቁሩ መስኮት» ብላ ቀይራ በቴሌግራም ላከችላቸው።